ፖሊስ ነኝ፤ ኢንስፔክሽን (የፖሊስ አባላትን ጥፋት የሚመረምረው ክፍል) ጠርቶኛል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ሂድ። ጓደኞችህ «እዚያ የገባ በሰላም አይወጣም» ቢሉህም፣ መቅረትህ ራሱ ሌላ የዲሲፕሊን ጥፋት ሊሆንብህ ይችላል። ፍርሃታቸው ግን ይገባኛል፤ ደሴን በመሰለ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ፣ ዛሬ የሚመረምርህ ሰው ነገ አለቃህ ሆኖ ሊመደብ ይችላል።

መጀመሪያ ጉዳዩ ዲሲፕሊን ነው ወይስ ወንጀል ብለህ ጠይቅ። በወንጀል ከተያዝክ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ዝም የማለት መብት አለህ። ለተጠርጣሪ የምትነግረው መብት ላንተም ይሠራል። ዲሲፕሊን ከሆነ ክሱን በጽሑፍ ጠይቅ፣ መልስህንም በጽሑፍ ስጥ። ቅጂው ላይ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስጽፈህ ቤትህ አስቀምጥ።

ከልምዴ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ቃልህን ሳታነብ እንዳትፈርም። አንድ ባልደረባዬ «አላየሁም» ያለው «አላስታውስም» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ከፊርማህ በላይ ባዶ ቦታ ካየህ ሰረዝ አስምርበት።