ካሊና ሜታስፕሎይተብል አይተያዩም ላልከው

ቨርቹዋልቦክስ (አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ምናባዊ ማሽኖችን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ካሊን (የደህንነት መፈተሻ መሣሪያዎች ያሉበትን ሲስተም) እና ሜታስፕሎይተብልን (ለልምምድ የተሠራውን ዒላማ ማሽን) አስነስተህ አንዱ ሌላውን አያገኝም ብለሃል። ችግሩ ኔትወርኩ ላይ ነው። ሁለቱም ማሽኖች 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ያሳዩህ ለዚህ ነው። ቨርቹዋልቦክስ በኤንኤቲ (NAT፣ ማሽኑ ባንተ ኮምፒውተር በኩል ኢንተርኔት የሚያገኝበት ቅንብር) ሲሠራ እያንዳንዱን ማሽን ለብቻው ስለሚያጥረው ፒንግ (አንዱ ማሽን ሌላውን «አለህ?» የሚልበት የሙከራ መልእክት) አይሄድም።

1. ሁለቱንም አጥፋ።
2. በየማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ የሚለው ጋ ግባና አዳፕተር 1ን (የማሽኑን የኔትወርክ ካርድ) ሆስት-ኦንሊ አድርገው፤ ይህ ማሽኖቹንና ያንተን ኮምፒውተር ብቻ የሚያገናኝ ነው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የኔትወርክ ስም መመረጡን እይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።
3. አስነሳቸው። በ192.168.56 የሚጀምሩ የተለያዩ አድራሻዎች ካየህ ጨርሰሃል።

ካሊ ላይ ኢንተርኔት ከፈለግክ አዳፕተር 2ን ኤንኤቲ አድርግ፣ ካሊ ላይ ብቻ።

ለአራት ኪሎው ወርክሾፕ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለህ እንደምትለማመድ ጽፈሃል። አደራ፣ ብሪጅድ የሚለውን (ማሽኑን በቀጥታ ካለህበት ዋይፋይ ጋር የሚያገናኘውን) እንዳትመርጥ። ሜታስፕሎይተብል ሆን ተብሎ ክፍተት የተተወበት ስለሆነ ካፌው ዋይፋይ ላይ ያለ ማንም ሰው ሊገባበት ይችላል። በዚያ ላይ ስካንህ (ኔትወርኩ ላይ ያሉ ማሽኖችንና ክፍተታቸውን የምትፈልግበት ፍተሻ) የሌላ ሰው ስልክና ላፕቶፕ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ወርክሾፖች ላይ ይህ ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሰዉ ቸኩሎ አድራሻውን ሳያይ ያስጀምራል። ያለፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። ስካን ከመጀመርህ በፊት የጻፍከው አድራሻ በ192.168.56 መጀመሩን አረጋግጥ።