አሰልጣኙ ወይስ ቦርዱ?

ጥያቄ፦ ክለቤ በየዓመቱ አሰልጣኝ ቢቀያይርም ውጤቱ እየባሰበት ሄዷል። ባለፈው ጨዋታ 1 ለ 0 እየተመራን አሰልጣኙ በ80ኛው ደቂቃ አጥቂ አስወጥቶ ተከላካይ ሲያስገባ ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ፤ አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ግን ስካርፋቸውን አጣጥፈው በዝምታ ወጡ። መጠየቅ ያለበት ማን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጩኸቱ ይልቅ የአዛውንቱ ዝምታ እጅግ ያሳስበናል። የተጫዋች ቅያሪው የአሰልጣኙ ውሳኔ ስለሆነ በዚህ ሊተች ይገባዋል፤ ሆኖም አሰልጣኙን የሚቀጥረው፣ የዝውውር በጀቱን የሚያጸድቀው፣ ለቀድሞው አሰልጣኝ አጨዋወት የተገዙ ተጫዋቾችን ለአዲሱ አስረክቦ በጥቂት ወራት ውስጥ ውጤት የሚጠብቀው ቦርዱ ነው። አሰልጣኝ በተደጋጋሚ በተሰናበተበት ክለብ ችግሩ የአንድ ሰው ነው ብለን አናምንም።

የደጋፊው አቅም በባለቤትነቱ ይወሰናል። የባርሴሎና አባላት ፕሬዚዳንታቸውን ስለሚመርጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የመተማመኛ ድምፅ እንዲሰጥ ከ16 ሺህ በላይ ፊርማ ሲያሰባስቡ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ጆሴፕ ማሪያ ባርቶሜው ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት ከነቦርዳቸው ለቀዋል። በጀርመንም ከጥቂት ክለቦች በስተቀር አብላጫው ድምፅ በአባላት ማኅበር እጅ እንዲቆይ ደንቡ ያስገድዳል። የእርስዎ ክለብ የግለሰብ ንብረት ከሆነ ይህ መብት አይኖርዎትም፤ ያም ሆኖ ከደጋፊ ማኅበሩ ጋር ሆነው ቦርዱ የአሰልጣኝ ምርጫና የዝውውር ዕቅዱን እንዲያስረዳ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልስ የሚሰጥበትንም ቀን ይቁረጡለት። ተጫዋቾችንና ቤተሰቦቻቸውን መሳደብ ግን ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።