ሴሴ ደሴቶች ላይ ሕፃናትን ለማስተማር ለምታስቢው እህቴ

እህቴ፣ ለሥራ ከጅማ ወደ ካምፓላ ልትሄጂ እንደሆነ፣ በዕረፍት ቀንሽ ደግሞ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ባሉት የሴሴ ደሴቶች ሕፃናትን በነጻ ማስተማር እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ምን ይዘሽ እንደምትሄጂና ከየት እንደምትጀምሪም ጠይቀሻል። እኔ ወደ ጅማ ከመመለሴ በፊት ካምፓላ ስኖር ከሴሴ ደሴቶች ትልቁ በሆነው በቡጋላ፣ በአንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ እሠራ ስለነበር መልሴ ቢረዝም ታገሺኝ።

ስለምትይዢው ዕቃ ከማሰብሽ በፊት ስንት ጊዜ መመላለስ እንደምትችዪ ወስኚ። እዚያ ያሉት ቤተሰቦች ዓሣው ወደሚገኝበት ይዛወራሉ፤ ዛሬ በዚህ ወደብ ያለው ልጅ በሚቀጥለው ወቅት ከሌላ ደሴት ይገኛል። ጓደኛው ይሄዳል፣ አስተማሪውም ዝውውር ይጠይቃል። እንዲህ ላለ ልጅ፣ አንድ ሳምንት አቅፎት አልቅሶ የሚሰናበት እንግዳ ሌላ መለያየት ነው የሚጨምርለት። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ብቻ ብትችዪ እንኳ ቀኑን ተናግረሽ በዚያው ቀን ተገኚ። ልጆቹ ቀን ይቆጥራሉ።

ዑጋንዳ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ሰባት ዓመት ሲሆን በብሔራዊ ፈተና ይጠናቀቃል። በታችኞቹ ክፍሎች የሚማሩት በአካባቢው ቋንቋ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ብዙ ልጅ የሚቸገረው እዚያ መሸጋገሪያ ላይ ነው፤ አንቺም የምትጠቅሚው እዚያው ነው። የአካባቢውን ቋንቋ ሉጋንዳን ስለማትችዪ ከትንንሾቹ ፊት ቆመሽ ማስተማሩ ለእነሱ አይበጃቸውም። መምህሩን ጠይቂና ማንበብ ያቃታቸውን አምስት ስድስት ልጆች ይዘሽ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጪ። ክፍሉን ለመምህሩ ተዪለት፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከልጆቹ ጋር የሚቀረው እሱ ነው፣ በተማሪዎቹ ፊት ክብሩ መጠበቅ አለበት።

አሁን አጥብቄ የምለምንሽ ነገር አለ። ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ነን የሚሉ፣ ከጎብኚ ገንዘብ የሚቀበሉ ቤቶች ያጋጥሙሻል። እዚያ አትግቢ። በእነዚህ ቤቶች ከሚኖሩት ልጆች ብዙዎቹ በሕይወት ያለ ወላጅ ወይም ዘመድ አላቸው፤ ለጋሽና በጎ ፈቃደኛ በበዛ ቁጥር ልጆችን ከቤታቸው ማውጣት ገቢ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው የሕፃናት መብቶች ውሳኔ ላይ ይኸንኑ ጉዳት አንስቶታል። ደግ ልብሽን ይዘሽ ለዚህ ሥራ ማገዶ እንዳትሆኚ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሂጂ፤ ርእሰ መምህሩንና የወላጆች ኮሚቴውን አነጋግሪ፤ መታወቂያሽንና ከመሥሪያ ቤትሽ የተጻፈ ደብዳቤ አሳዪ። ካልጠየቁሽም አንቺ ራስሽ አቅርቢ፤ ሳይጠይቅ ልጆቹን ለማያውቀው ሰው የሚተው ቦታ ያሳስበኛል። የመግቢያ ፈቃድሽም የበጎ ፈቃድ ሥራን እንደሚያካትት አስቀድመሽ አረጋግጪ።

ጉዞው ቀላል ነው። ከኢንቴቤ አጠገብ ካለው ናኪዎጎ ወደ ቡጋላ የሚሻገር መርከብ አለ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በማሳካ በኩል ከሄድሽ ደግሞ ከቡካካታ የሚነሣው ጀልባ በአጭር ጊዜ ያሻግርሻል። ሰውና ጭነት የታጨቀባቸው የእንጨት ጀልባዎች ላይ ያለ ሕይወት አድን ጃኬት አትሳፈሪ፤ ሐይቁ በድንገት ይናወጣል።

ውሃው ውስጥ እግርሽን አታስገቢ፤ ልጆቹ እየዋኙ ቢጠሩሽም። ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ልጆቹ ውሃ የሚቀዱት፣ የሚታጠቡትም እዚያው ስለሆነ ደጋግሞ ይይዛቸዋል። ክፍል ውስጥ የሚፈዝ፣ ሆዱን የሚያመው ልጅ ብታዪ ሰነፍ ነው ብለሽ አትለፊው፤ ለመምህሩ ንገሪ፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ለወባ አጎበርሽን አትርሺ።

ከረሜላና አሮጌ ልብስ አትሸከሚ። ከዚያ ይልቅ ትምህርት ቤቱ ለምሳ ምን እንደጎደለው ጠይቂ። ምሳቸው ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ቦሎቄ ነው፤ ቤተሰቡ መዋጮ ያልከፈለለት ልጅ ግን ሌላው ሲበላ ያያል። የአንድ ከረጢት ዱቄት ዋጋ ለኮሚቴው በደረሰኝ ብትሰጪ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል። የልጆቹን ፎቶግራፍ ግን ወላጆቻቸው ሳይፈቅዱ አታንሺ፣ በኢንተርኔትም አታውጪ።

ለወላጆቹ የጅማ ቡና ቆልተሽ ውሰጂ። ደሴቶቹ ያሉባት የቡጋንዳ ግዛትም ቡና አብቃይ ናት፤ በባህሏ እንግዳ ሲመጣ የቡና ፍሬ ቀርቦ ይታኘካል፣ ቡና ቀላ፣ ማለትም በቅቤ የተዘጋጀ የቡና ፍሬ፣ እየበላ ላደገ የጅማ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ ከወላጆቹ ጋር የተግባባሁት በስብሰባ ሳይሆን ቡና ላይ ነው፤ የትኛው ልጅ በሌሊት መረብ ሲጎትት አድሮ ክፍል ውስጥ እንደሚተኛም የሰማሁት እዚያው ነው።

ያዘጋጀኋቸው የእንግሊዝኛ ንባብ ካርዶች አሁንም አሉኝ። ከመሄድሽ በፊት እዚሁ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ከመጣሽ መልእክት ላኪልኝ፣ እሰጥሻለሁ።