የጭላዳው እጀታ ተበጠሰ

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የማስተምር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትንሽ ሙዚየም ከፍተናል። ሁሉም ከካርቶን የተሠራ ነው፤ ጎብኚው እየነካ፣ እያዞረ ነው የሚያየው። ልጆቹ አብዝተው የሚወዱት የመንዝ ጓሳውን ጭላዳ ነው። እጀታውን ሲያዞሩት ከንፈሩን ገልበጥ አድርጎ ጥርሱን ያሳያል። ግን በሁለተኛው ቀን እጀታው ተበጠሰ፣ መቆሚያው ጎበጠ፣ ጠዋት ስንገባ ደግሞ ታቹ ረጥቦ አገኘነው። «መንካት ክልክል ነው» ብዬ ልለጥፍ?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! ያንን ከለጠፉማ ጭላዳው ምን ትርጉም አለው?

እስቲ አንዱን ካርቶን ይቁረጡና ጠርዙን ይዩት። በሁለት ልጥፍ ወረቀቶች መሃል እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተጠማዘዘ ወረቀት አለ (ለነገሩ እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1856 ይህን ወረቀት ሲያስመዘግቡ ለባርኔጣ ገበር ነበር ያሰቡት)። ጥምዝምዙ ከላይ ወደ ታች ከቆመ ክብደት ይችላል፣ ከተጋደመ ግን ይታጠፋል። የእርስዎም መቆሚያ ተጋድሞ የተቆረጠ ይመስለኛል። ሦስት ካርቶን አንዱን በቁም፣ አንዱን በአግድም እያደረጉ በኮላ ይለጥፉና መጽሐፍ ጭነውበት ያሳድሩት።

ወደ እጀታው እንምጣ። እጀታው የሚያዞረው ሽቦ ካርቶኑን እየፈተገ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ውስጥ የእስክሪብቶ ቀፎ ይሰኩና ሽቦውን በዚያ ያሳልፉት። ከንፈሩን የሚያነሳው ክብ ካርቶንም መሃሉ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብሎ ነው የሚበሳው፣ ሲዞር ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነውና፤ በጣም ወደ ጠርዝ ከሄደ ግን ይነክሳል፣ ልጁም እልህ ይይዘውና በጉልበት ያዞራል፣ ቋ! አለቀ። እጀታ ደግሞ መለዋወጫ ይኑረው። በአንድ ልክ አምስት ስድስት ይቁረጡና ለተማሪዎቹ ይስጧቸው፣ ሲበጠስ ራሳቸው ይቀይሩታል።

እርጥበቱ የሲሚንቶው ወለል ሥራ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ካርቶን መሬት ላይ አያድርም። ታቹን ሻማ ያቅልጡና ይቀቡት፣ ከዚያ ጡብ ላይ ያስቀምጡት። ማታ ማታ ደግሞ ከግድግዳው ራቅ ያድርጉት።