«በአንድ ጊዜ አያደርጉትም» ያልኩት ቀን

ልጆቼ፣

ባንክ ቤት 32 ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት የውጭ ንግድ ክፍል ነው። ኤልሲ (ባንክ አስመጪውን ወክሎ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሲከፈት፣ ሰነድ ሲመጣ፣ አስመጪ ሲያለቅስ፣ ላኪ ሲስቅ አይቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ንግድ የጀመሩ ወጣቶች ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «የዓለም ኢኮኖሚ ወዴት እየሄደ ነው? ምን ይሻለናል?»

ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ።

ሰኔ 2016 ላይ የእህቴ ልጅ ቤቴ መጣ። የላቦራቶሪ ዕቃ አስመጪ ነው። የአንድ መንግሥታዊ ተቋም ጨረታ አሸንፎ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ዕቃው 200 ሺህ ዶላር ያወጣል። ያኔ ባንክ ውስጥ ዶላር 57 ብር ነበር፤ ሲባዛ 11.4 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ውሉን የፈረመው በ13.5 ሚሊዮን ብር ነው። ዋጋው በብር የተቆረጠ፣ የማይነካ። ወረፋውን ጠብቆ ኤልሲ ሊከፍት ነው፤ 30 በመቶውን አስይዞ ቀሪውን ሰነዱ ሲመጣ ሊከፍል።

«አክስቴ፣ ምንዛሪው ሊለቀቅ ነው የሚሉት እውነት ነው?» አለኝ።

እኔም እግሬን አጣጥፌ አስረዳሁት። በ2002 ብር በ17 በመቶ ገደማ ነው የወረደው። በ2010 በ15 በመቶ። እነዚህ ሰዎች ሲያወርዱ በትንሽ በትንሹ ነው፤ በአንድ ጊዜ አያደርጉትም። ትርፍህን ቢቀንሰው ነው እንጂ አያከስርህም። ሂድ ክፈት አልኩት።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ ጠዋት፣ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን አለ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ዶላር በ30 በመቶ ገደማ ተወደደ። መስከረም ላይ የልጁ ሰነድ ባንክ ሲደርስ ዶላር 100 ብር አልፏል። በ100 ብቻ ብናሰላው እንኳ ዕቃው 20 ሚሊዮን ብር መጣ። ያስያዘው 30 በመቶም አልጠቀመውም፤ መያዣው የተቀመጠው ብር ሆኖ እንጂ ዶላር ሆኖ አይደለም። ተቋሙ ደግሞ «ውል ውል ነው» አለ። 6.5 ሚሊዮን ብር ኪሳራ። ለባንኩ የተያዘው ዋስትና የእህቴ ቤት ነበር።

ቤቱ አልተሸጠም፤ መኪናውና አንድ ቦታ ተሸጡ። እህቴ ግን ለስድስት ወር ያህል ስልኬን ስታነሳ ድምጿ ሌላ ነበር።

የሚያናድደኝ ነገር ይህን አይነት ቀን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ መሆኔ ነው። መስከረም 1985 ላይ መስኮቱ ላይ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዶላር ለ20 ዓመት ገደማ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። አንድ ቀን 5 ብር ሆነ። አንድ አዛውንት ነጋዴ የጻፍኩላቸውን ወረቀት መልሰው ሰጥተውኝ «ልጄ፣ ቁጥሯን ተሳስተሻል» አሉኝ። አልተሳሳትኩም ነበር። ያን ቀን ያየሁ ሰው ከ31 ዓመት በኋላ «በአንድ ጊዜ አያደርጉትም» አልኩ። የቅርቡ ሁለቱ የሩቁን አስረሱኝ።

እንግዲህ ትንበያ የምትጠይቁኝ ይህችን ሴት ነው።

ከእኔ የተሻሉትም ያው ናቸው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የዓለም ኢኮኖሚ በዚያ ዓመት 3.3 በመቶ ያድጋል ብሎ ነበር። ኮሮና መጣና ዓመቱ 3 በመቶ ገደማ በመቀነስ አለቀ። በ2022 መጨረሻ ደግሞ አብዛኛው አዋቂ አሜሪካ በ2023 ትደቃለች አለ። አልደቀቀችም፤ ከ2 በመቶ በላይ አደገች። ሰዎቹ ሞኞች ስለሆኑ አይደለም። ቫይረስና ጦርነት ቀጠሮ አይዙም።

ሪፖርቶቹን አታንብቡ ማለቴ አይደለም። ዋናዎቹ በሚያዝያና በጥቅምት ይወጣሉ፤ እኔ አሁንም አነባለሁ። ግን ሁሉም ሰው የሚያወራባትን የዕድገት ቁጥር እዘላታለሁ። የማነበው ስለ ስጋቶች የሚያወራውን ክፍል ነው። እዚያ ላይ «ነዳጅ ቢወደድ፣ ወለድ ባይወርድ፣ ታሪፍ (የገቢ ዕቃ ቀረጥ) ቢጨመር» ይላል። እያንዳንዷን «ቢ» ሳነብ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ይህ ቢሆን እኔ ቤት በየትኛው በር ይገባል? ለእህቴ ልጅ መጠየቅ የነበረብኝ ይህንን ነበር። «ይወርዳል ወይ?» ሳይሆን «ዶላር በአንድ ሌሊት እጥፍ ቢሆን ነገ ጠዋት ምን ትሆናለህ?» ብለው ኖሮ ራሱ ወረቀት ላይ አስልቶት ላቡ ይመጣ ነበር።

በሩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የምትከፍሉበት ቀንና የምትቀበሉበት ቀን ይራራቃሉ። ወይም የምትከፍሉበት ገንዘብና የምትቀበሉበት ገንዘብ ይለያያሉ። በ32 ዓመት ውስጥ ሲከስሩ ያየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሰነፎች አልነበሩም። ያ ክፍተት የሰፋባቸው ናቸው። ልጁ ክፍተቱ ሁለቱም ነበረው። በብር ሸጦ በዶላር ዕዳ ገብቷል፤ መሃሉ ላይ ሦስት ወር አለ።

ቡናን ውሰዱ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ግድም፣ በ1981 ክረምት፣ የዓለም ቡና ስምምነት የሚባለው የኮታ ሥርዓት ፈረሰ። አገራት ምን ያህል እንደሚልኩ የሚወስን ስምምነት ነበር። መስማማት አቃታቸውና ተበተነ። ዋጋው በጥቂት ወራት በግማሽ ገደማ ወረደ። ጅማ ያለው ገበሬ ስለዚያ ስብሰባ ምን ያውቃል? በ2001 እንደ አውሮፓውያን ደግሞ ቬትናም ገበያውን በቡና አጥለቅልቃው አንድ ፓውንድ ቡና ኒውዮርክ ላይ ከ50 ሳንቲም በታች ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ያው አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ገባ። ብራዚልና ቬትናም ድርቅ መትቷቸው ነበር።

«ታዲያ 4 ዶላር ሲገባ ላኪው ሀብታም ሆነ» ትሉኛላችሁ። እንዲህ የሚል ሰው ቡና ነግዶ አያውቅም። ዋጋ ሲወጣም ሰው ይከስራል። ላኪው በጥቅምት «በጥር ይህን ያህል ኮንቴይነር በዚህ ዋጋ አስረክባለሁ» ብሎ ይፈርማል። ቡናው ግን መጋዘኑ ውስጥ የለም፤ ገና ጀንፈሉ ገበሬው ቤት ነው። በመሃል ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። ገበሬውና አቅራቢው «በድሮው ዋጋ አንሸጥም» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ገዢው «ውልህን አክብር» ይላል፤ እሱም ልክ ነው። መሃል ላይ የቆመው ላኪ ይጨመቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 እና 2024 ቬትናም ውስጥ ብዙ ላኪዎች ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

የኛ አገር ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረው። ዶላር በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ብዙ ላኪ ቡናውን ከገዛበት በታች ይሸጥ ነበር። የሚያከስረውን ቡና የሚልከው ዶላሩን ለማግኘት ነው። በዶላሩ ብረት ወይም መኪና ያስመጣና ከዚያ ላይ ኪሳራውን ያወጣል። ለዓመታት የሠራ ዘዴ ነው። ብልሃት መስሎን እናደንቀው ነበር። ምንዛሪው ሲለቀቅ የዘዴው ግማሽ መሬት ተናደ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ትርፋችሁ የሚመጣው ከዕቃችሁ ነው ወይስ ከመንግሥት ሕግ ክፍተት? ከሕግ ክፍተት ከሆነ ብሉ፣ ግን አትገንቡበት።

አንድ ገዢ ላይ መንጠልጠልም ያው ነው። የሀዋሳን የልብስ ፋብሪካዎች አስታውሱ። ኢትዮጵያ በ2014 ከአጎዋ (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ስትወጣ ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ ይገባ የነበረው ልብስ በአንድ ቀን ቀረጥ ተጫነበት። የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ ልጅ ጥፋቷ ምን ነበር? ሌሶቶ የባሰ ደረሰባት። ለአሜሪካ ጂንስ ሰፍታ የምታድር ትንሽ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ዋሽንግተን 50 በመቶ ታሪፍ አወጀባት። በኋላ 15 ሆነ፤ እስከዚያው ግን ትዕዛዝ ቆሞ ፋብሪካው ሠራተኛ አሰናብቷል። ደንበኛችሁ አንድ ከሆነ፣ የእሱ አገር ምርጫ የእናንተም ምርጫ ነው።

ስለ ወለድም ልበል፣ በአጭሩ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ ወደ 5.5 በመቶ ገደማ በ16 ወር ውስጥ አወጣው። ያኔ የዓለም ገንዘብ «እዚያ በሰላም 5 በመቶ እያገኘሁ ጋና ምን እሠራለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ብድር በብድር ሲከፍሉ የነበሩ አገሮች በሩ ተዘጋባቸው። በዚያው ዓመት ስሪላንካ ዕዳ መክፈል አቆመች፤ ጋና ተከተለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 እኛም የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን። እ.ኤ.አ. በ2014 የወሰድነው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ (ለውጭ አበዳሪዎች የተሸጠ የዕዳ ሰነድ) ወለድ ነው። መንግሥት አበዳሪዎቼን እኩል ለማየት ነው አለ። ያም ሆነ ይህ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የወሰኑት መርካቶ ያለ ሱቅ ድረስ ይመጣል። አንድ ሁለት ዓመት ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

ባሕሩ ደግሞ አለ። ከገቢ ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከብ ሲመቱ ታላላቆቹ መርከቦች ቀይ ባሕርን ትተው አፍሪካን በደቡብ ዞሩ፤ ከእስያ አውሮፓ ለሚሄድ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ተጨማሪ ጉዞ ነው። ጅቡቲ እዚያው በሩ ላይ ናት። ዕቃችሁ በ45 ቀን ይደርሳል ብላችሁ ብድር ስትወስዱ 75 ቀን ብሎ አስሉት። በ75 ካላዋጣ ንግዱ ቀድሞም አያዋጣም ነበር።

አሁን «ገንዘባችንን ምን ላይ እናድርግ» ላላችሁት። እኔ አክሲዮን ሻጭ አይደለሁም፤ የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ። ባንክ ውስጥ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የጨመረበትን ጊዜ አይተናል። ያኔ «ቆጥቤያለሁ» ያለ ሰው በዓመቱ የሚገዛው ጤፍ አንሶታል። ስለዚህ ብር ዝም ብሎ ማስቀመጥ ደኅንነት አይደለም። እንደዚያም ሆኖ የስድስት ወር ወጪ ባንክ ይኑራችሁ። ይህን ለትርፍ አትቁጠሩት፤ በመጥፎ ዋጋ ላለመሸጥ የምትከፍሉት ኪራይ ነው። የእህቴ ልጅ መኪናውን የሸጠው ቸኩሎ ነው፤ ቢያንስ 400 ሺህ ብር ያጣው በችኮላው ነው።

የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያችን በጥር 2017 ተከፍቷል። ጥሩ ነው። ግን አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት ልሽጥ ብትሉ ማን እንደሚገዛችሁ ጠይቁ። በቴሌግራም «በወር 20 በመቶ» የሚላችሁ ልጅ ካለ ስልኩን ዝጉበት። ዱባይ ወይም ቤሩት ያለች እህታችሁ የላከችው ገንዘብ ደግሞ የመጨረሻው የምትደፍሩት ይሁን። እሷ የሰው ቤት ወለል ጠርጋ ያገኘችውን እናንተ መሞከሪያ አታድርጉት። ይህን ስጽፍ ትንሽ ተቆጥቻለሁ፤ ብዙ አይቻለሁና ይቅርታ።

ብድርም አትፍሩ፤ ሳትበደሩ አታድጉም። ግን የእናታችሁን ቤት አታሲዙ። ካስያዛችሁም ለእናታችሁ ቁጥሩን በሙሉ አሳዩአት፤ ሲሳካ ያለውን ሳይሆን ሳይሳካ ያለውን። እህቴ የፈረመችው ሳታነብ ነው። እኔ ነኝ «ግድ የለሽም» ያልኳት።

ባለፈው ወር ልጁ አዲስ ውል ይዞ መጣ። አሁንም ጨረታ ነው፣ አሁንም በብር። ቡና እስኪፈላ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጎ ገጽ 4ን በጣቱ አሳየኝ። ምንዛሪ ከ5 በመቶ በላይ ከተንቀሳቀሰ ዋጋው እንዲስተካከል የሚል አንቀጽ አስገብቷል። ዕቃውም በአንዴ ሳይሆን በሦስት ዙር ነው የሚገባው።

«ፈርመውልሃል?» አልኩት።

«ገና ናቸው። አንቀጿን አውጣት እያሉኝ ነው።»

«ካላወጣህ አንፈርምም ካሉስ?»

ሲኒውን ተቀበለኝና እየሳቀ «አክስቴ፣ ዘንድሮ አንቺን አልጠይቅሽም» አለኝ።