ሁለት ስም፣ አንድ መድኃኒት

ጥያቄ፦ እናቴ በልብ ድካም ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ በተሰጣት ዝርዝር ላይ «ላሲክስ» እና «ፉሮሴማይድ» አሉ። ሁለቱንም ስትውጥ ሰነበተች፤ አሁን ስትነሳ ያዞራታል። ሁሉም በኮምፒውተር እየተመዘገበ እንዴት እንዲህ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ፉሮሴማይድ ዋና ስሙ፣ ላሲክስ የንግድ ስሙ ነው፤ ሽንት እያሸና ከሰውነት ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት ነው። ዛሬውኑ ለሐኪሟ ደውዪ፤ የደም ግፊቷ፣ ኩላሊቷና በደሟ ያለው የፖታሲየም (የማዕድን) መጠን ይታይ።

በፋርማሲስትነቴ ይህን ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። እኛ የምንሠራበት ፕሮግራም ከቤት የመጣውን መድኃኒት በአንድ ገጽ፣ በሆስፒታል የታዘዘውን በሌላ ገጽ ያሳያል። ጎን ለጎን አይታዩም። ከታች «ሁሉም ይቀጥል» የሚል ቁልፍ አለ፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሐኪም አንዴ ሲጫነው ሁለቱም ስም ይቀጥላል። የቤቱ መድኃኒት ከፕሮግራሙ የመድኃኒት ዝርዝር ተመርጦ ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ተተይቦ ከገባ ደግሞ ኮምፒውተሩ መደገሙን ስለማይለይ አያስጠነቅቅም። ሐኪሙን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም፤ እጁን የሚመራው የገጹ አሠራር ነው።

እናትሽ ወደ ሐኪሟ ስትሄድ የምትውጣቸውን መድኃኒቶች ከነእሽጋቸው ይዛ ትሂድ። ፋርማሲስቱ በእያንዳንዱ እሽግ ላይ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ዋና ስም ያንብብ። የቆመው መድኃኒት «ቆሟል» ተብሎ ከነምክንያቱ እንዲመዘገብ አጥብቀሽ ጠይቂ።