ምላሳችሁ ለሚተሳሰር ልጆቼ

ልጆቼ፣ «ጋሼ፣ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል፤ ተዋናይ መሆን እችላለሁ?» የምትሉኝ በርክታችኋል። ዕድሜዬን መድረክ ላይ ጨርሻለሁ። ለዚህ ጥያቄ ግን ከእኔ ይልቅ የአሜሪካዊው ተዋናይ የጄምስ ኧርል ጆንስ ታሪክ ይመልስላችኋል።

ድምፁን ታውቁታላችሁ። በ«ስታር ዋርስ» ፊልም ለዳርዝ ቬደር፣ በ«ላየን ኪንግ» ለሙፋሳ ድምፁን የሰጠው እሱ ነው። ያ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ በልጅነቱ ለዓመታት ዝም ብሎ ነበር።

በ1931 ሚሲሲፒ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው፤ ትንሽ ልጅ ሳለ ሚሺጋን ወዳለ እርሻ ይዘውት ሄዱ። መንተባተብ ያዘው። ልጆች ሲስቁበት አፉን ዘጋ። ከቤተሰቡና ከከብቶቹ በቀር ከሰው ጋር አያወራም ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ዶናልድ ክራውች የሚባል መምህር ልጁ ግጥም እንደሚጽፍ ደረሰበት። አንዱ ግጥሙ ስለ ግሬፕፍሩት ነው፤ አዎ፣ ስለ ፍሬው! መምህሩ የራስህ ከሆነ ክፍሉ ፊት በቃልህ በለው አለው። ልጁ ተነስቶ አለው። አልተንተባተበም። በምት የተጻፈ ነገር ምላስን እየደገፈ ይወስዳል። እናንተም ሞክሩት፤ በራችሁን ዝጉና የምትወዱትን ግጥም ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል፤ ልጁ ዳነ፣ አለቀ። አልዳነም። ካረጀም በኋላ መንተባተቡ አብሮት እንዳለ ይናገር ነበር። አብሮት መሥራት ቻለበት እንጂ።

ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የገባው ሐኪም ሊሆን ነበር፤ ወደ ድራማ ዞረ። ማኒስቲ በምትባል ከተማ፣ ራምስዴል ቴአትር ቤት፣ የመድረክ አናጢ ሆኖ ሠራ። ኒው ዮርክ ሄዶም ወለል እየወለወለ ትወና ተማረ። በ1958 የኒው ዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች ባሉበት ብሮድዌይ ላይ የአሽከር ሚና አገኘ። በድራማው ውስጥ ለወይዘሮ ሩዝቬልት እራት መቅረቡን መናገር ነው ሥራው። «ሚስስ» (ወይዘሮ) የምትለዋ ቃል መጀመሪያዋ ላይ ያዘችው። ተመልካቹ ፊት! በማግስቱ ግን ተመልሶ መጣ።

እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ እንዲህ ያለ የአንድ መስመር ሚና ሲሰጠኝ አኩርፌ ወጥቻለሁ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

እሱ አሥር ዓመት ቆየ። በ1968 «ዘ ግሬት ዋይት ሆፕ» ላይ ቦክሰኛ ሆኖ ሲተውን አገር አወቀው፤ በዓመቱ ቶኒ የሚባለውን ትልቁን የብሮድዌይ ቴአትር ሽልማት ወሰደ። ሁለተኛውን ቶኒ በ1987 «ፌንስስ» ላይ ሲያገኝ 56 ዓመቱ ነበር። ለመጀመሪያው ዳርዝ ቬደር የተከፈለው 7,000 ዶላር ነው፤ ስሙ እንዳይጻፍም ራሱ ጠይቆ ነበር። ሰማንያ አራት ዓመት ሆኖት እንኳ ብሮድዌይ ላይ ይጫወት ነበር።

እና ልጆቼ፣ ለፈተና ስትመጡ ከነመተሳሰራችሁ ኑ። የትኛው ፊደል እንደሚይዛችሁ ለአዘጋጁ ቀድማችሁ ንገሩት። የአሽከር ሚና ከሰጧችሁም ያዙት።

ጆንስ በ2024፣ በ93 ዓመቱ አረፈ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ኮርት የሚባለው የብሮድዌይ ቴአትር ቤት በስሙ ተሰይሞለት ነበር። በ1958 እራት ቀርቧል ሊል ሲል ምላሱ የተያዘው እዚያው ቤት ነው።